ስንት ዘለለ? ስንቴስ ጣለ? የወንዶች ከፍታ ዝላይ ፍጻሜ እንዴት እንደሚወሰን

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን በትልልቅ ሻምፒዮናዎች የሚካሄደው የወንዶች ከፍታ ዝላይ ፍጻሜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በ2021 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የኦሊምፒክ ፍጻሜ ሦስት ሰዎች 2.37 ሜትር ዘለሉ። ከዚያ በላይ የተሻገረ አልነበረም። የኳታሩ ሙታዝ ኤሳ ባርሺምና የጣሊያኑ ጂያንማርኮ ታምቤሪ ወርቅ አጠለቁ፤ የቤላሩሱ ማክሲም ኔዳሴካው ነሐስ ተሰጠው። የዘለሉት ከፍታ አንድ ነው፣ ሜዳሊያው ግን ይለያያል። ሩጫ ማየት የለመደ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ በሩጫ ቀድሞ የገባ ቀደመ፣ በቃ። በከፍታ ዝላይ ግን ዳኞች በእያንዳንዱ ሙከራ ምልክት የሚያኖሩበት የውጤት ሉህ አለ። ባርሺምና ታምቤሪ እስከ 2.37 ድረስ አንድም ጊዜ ዘንግ አልጣሉም። ኔዳሴካው የጣለባቸው ሙከራዎች ነበሩት። ወርቁንና ነሐሱን የለየው ይኸው ነው።

በዚህ ደረጃ የሚወዳደሩ ሰዎች አቅማቸው የሚራራቀው በሁለትና በሦስት ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሜዳሊያውን ብዙ ጊዜ የሚያከፋፍለው ዘንጉ ስንቴ እንደወደቀና በየትኛው ከፍታ ላይ እንደወደቀ ነው። ዘንጉ ለምን እንደሚወድቅ ለማወቅ ደግሞ መንደርደሪያውን፣ የእግር አጣጣሉንና ሰዓቱን ማየት ግድ ይላል።

መጀመሪያ ሉሁ። ለፍጻሜ በመደበኛው 12 ሰዎች ከማጣሪያ ይመጣሉ። ዘንጉ የሚነሳባቸው ከፍታዎች ከውድድሩ በፊት ይነገራሉ። የቶኪዮው ፍጻሜ ቅደም ተከተል 2.19፣ 2.24፣ 2.27፣ 2.30፣ 2.33፣ 2.35፣ 2.37፣ 2.39 ነበር። እንደምታዩት ጭማሪው ከአምስት ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ይወርዳል። ደንቡ ጭማሪው እየሰፋ እንዲሄድ አይፈቅድም፤ ከአንድ በላይ ተወዳዳሪ እስካለም ከሁለት ሴንቲሜትር አያንስም። አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ሲቀርና ሲያሸንፍ የሚቀጥለውን ከፍታ ራሱ ይመርጣል።

ዘላዩ ከፈለገው ከፍታ መጀመር ይችላል። ያልፈለገውን ከፍታ መተውም መብቱ ነው። በሉሁ ላይ ለተሻገረው ክብ፣ ለጣለው መስቀል፣ ለተወው ሰረዝ ይደረግለታል። በተከታታይ ሦስት መስቀል ያገኘ ይሰናበታል። እዚህ ላይ ብዙ ዘጋቢዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ሦስቱ መስቀሎች በአንድ ከፍታ ላይ መሆን የለባቸውም። 2.34 ላይ አንዴ የጣለ ሰው የቀሩትን ሁለት ሙከራዎች ይዞ ወደ 2.36 መሄድ ይችላል። እዚያ ሁለቴ ከጣለ ግን አለቀለት፤ ውጤቱም ከ2.34 በፊት የተሻገረው ከፍታ ሆኖ ይቀራል።

እኩል ሲሆኑስ? መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱም በተሻገሩት የመጨረሻ ከፍታ ላይ ማን ትንሽ ጊዜ እንደጣለ ነው። ያ ካልለያቸው ከመጀመሪያው አንስቶ እስከዚያው ከፍታ ድረስ ያሉት መስቀሎች በሙሉ ይደመራሉ። ከዚያ በላይ ባለው ከፍታ የተጣለው አይቆጠርም። በምሳሌ እንየው፤ ሦስት ዘላዮች እናስብ፣ ሦስቱም 2.36 ተሻግረው 2.38 አቅቷቸዋል። የመጀመሪያው 2.34 ላይ አንዴ ጥሏል፣ 2.36ን ግን በመጀመሪያ ሙከራው ተሻገረ። ሁለተኛው እስከ 2.34 ድረስ ምንም አልጣለም፣ 2.36ን የተሻገረው በሁለተኛ ሙከራው ነው። ሦስተኛው 2.27 ላይ አንዴ፣ 2.34 ላይ አንዴ ጥሎ 2.36ን በመጀመሪያው ተሻገረ። ወርቁ የመጀመሪያው ነው። ብሩስ? ብዙ ሰው ለሁለተኛው ይሰጠዋል፤ አንዴ ብቻ ነው የጣለው። ደንቡ ግን ለሦስተኛው ይሰጠዋል፤ ሁለቴ ቢጥልም በመጨረሻው ከፍታ ላይ ንጹህ ነው። መስቀል ሁሉ እኩል አይመዝንም፤ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ያለው ነው።

ቡዳፔስት 2023ን አስታውሱ። ታምቤሪና አሜሪካዊው ጁቮን ሃሪሰን ሁለቱም 2.36 ዘለሉ፤ ወርቁን ለታምቤሪ የሰጠው የመስቀል ቆጠራ ነበር።

ቆጠራው የማያስፈልግበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ሌላው ያልደረሰበትን መዝለል። በ2019 ዶሃ ላይ ባርሺም 2.33ን ሁለቴ ጥሎ ለመሰናበት አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶት ነበር። በሦስተኛው ተሻገረ፤ ከዚያ 2.35ንም 2.37ንም በመጀመሪያ ሙከራው ዘለለ። 2.37 ላይ ብቻውን ስለነበር 2.33 ላይ የነበሩት ሁለት መስቀሎች ምንም ዋጋ አላስከፈሉትም።

የመተው ስልት የሚመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ተቀናቃኝህ 2.36ን በመጀመሪያው ተሻግሯል፤ አንተ አንዴ ጥለሃል። በሁለተኛው ብትሻገር እንኳ 2.38 ላይ ካልበለጥከው በቆጠራ ከኋላው ነህ። ስለዚህ 2.36ን ትተህ ሁለቱን ሙከራ ወደ 2.38 ብትወስድ ትርጉም አለው፤ ከተሻገርክ መሪ ነህ፣ ሸክሙም ወደ እሱ ይዞራል። ይህ ብልህነት የሚሆነው ግን ከኋላህ ያለው ሰው በ2.36 ሊበልጥህ የማይችል ከሆነ ነው። ነሐስ ያልተረጋገጠለት ሰው እንዲህ ሲያደርግ ሳይ ድፍረቱን ከማድነቅ ይልቅ አሰልጣኙ ሉሁን አላነበበም ብዬ አስባለሁ።

የመነሻ ከፍታ ምርጫም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የዓመቱ ምርጡ 2.35 የሆነ ሰው 2.20 አካባቢ ቢጀምር መንደርደሪያውን በእውነተኛ ዘንግ ላይ ይፈትሻል። 2.30 ላይ ቢጀምር እግሩን ይቆጥባል፤ ነገር ግን መንደርደሪያው በአሥር ሴንቲሜትር ቢዛነፍ የሚያርምባቸው ሙከራዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱንም ቢጥል ውጤት አልባ ሆኖ ይወጣል። ዝቅ ብሎ መጀመርም ቢሆን ክፍያ አለው። የሚነሳበት እግር በእያንዳንዱ ሙሉ ዝላይ የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል፤ ከስምንተኛና ዘጠነኛ ዝላይ በኋላ ያ ንጥረት መልሶ አይገኝም።

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። ዘንጉ አራት ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም፤ ቅርጹ ድቡልቡል፣ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጫፍ 40 በ60 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ መደገፊያ ላይ ያርፋል። መደገፊያዎቹ ከየቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ትይዩ ስለሆኑ ዘንጉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊወድቅ ይችላል። በጫፉና በቋሚው መካከል ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ክፍተት ይኖራል። መደገፊያውን በጎማ ወይም መንሸራተትን በሚከለክል ነገር መሸፈን ክልክል ነው፤ ሲነካ መውደቅ አለበትና።

ዘንጉ በራሱ ክብደት መሀሉ ላይ ትንሽ ይረግባል፤ የሚፈቀደው እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ከፍታው የሚለካው ከመሬት አንስቶ በላይኛው ገጹ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ነው። ዘንጉ ሲወድቅና ሲመለስ ያው ገጽ ወደ ላይ እንዲሆን ዳኞች ምልክት ያደርጉበታል። ቢገለበጥ ከፍታው በሚሊ ሜትሮች ሊለወጥ ስለሚችል ነው። አንዳንድ ተመልካች ይህን ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ይለዋል፤ ሁለት ሴንቲሜትር ወርቅ በሚለይበት ውድድር እኔ አልለውም።

ዘንጉን መንካት ጥፋት አይደለም። ተንቀጥቅጦ ካልወደቀ ነጭ ባንዲራ ይውለበለባል። ዘላዩ ሳይነካው ንፋስ ቢጥለው፣ ዘላዩ አስቀድሞ ተሻግሮ ከነበረ ሙከራው ይጸድቃል፤ ካልተሻገረ አዲስ ሙከራ ይሰጠዋል። ዘንጉን ሳይነካም ቀይ ባንዲራ የሚያስነሳ ነገር አለ፤ ተንደርድሮ ሳይነሳ ቀርቶ በሩጫው ግፊት ከዘንጉ መስመር ወዲያ ያለውን መሬት ወይም ፍራሹን ቢነካና በዚያ ጥቅም ቢያገኝ። በሁለት እግር መነሳትም አይፈቀድም።

ፍራሹ በትልልቅ ውድድሮች ቢያንስ ስድስት በአራት ሜትር ሆኖ 70 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው። የዛሬው የአዘላለል ስልት የመጣው ከዚህ ፍራሽ ጋር ነው። አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ጀርባውን ለዘንጉ ሰጥቶ 2.24 ዘልሎ ወርቅ ሲወስድ ዓለም ተደነቀ፤ በአሸዋ ላይ ግን በጀርባና በአንገት የሚያርፍ ጤነኛ ሰው አይገኝም።

መንደርደሪያው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ አብዛኛው ዘንግ የሚወድቀው እዚህ ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ወንዶች ከ8 እስከ 12 እርምጃ ይሮጣሉ። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራት ወይም አምስት እርምጃዎች በኩርባ ላይ ይረገጣሉ። በግራ እግሩ የሚነሳ ከቀኝ በኩል፣ በቀኝ እግሩ የሚነሳ ከግራ በኩል ይመጣል። መነሻውን ለማግኘት አሰልጣኞች ከቅርቡ ቋሚ ወደ ጎን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይለካሉ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ እንደ እርምጃው ብዛት ከ15 እስከ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ለአንድ ዘላይ ሁለት ምልክት ይፈቀድለታል። አንዱን መነሻው ላይ፣ ሌላውን ኩርባው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይለጥፋል። ጠመኔ መጠቀም አይፈቀድም፤ የሚለጠፍ ፕላስተር ነው።

ኩርባው ለምን አስፈለገ? ሞተር ብስክሌት ነጂ መታጠፊያ ላይ እንደሚያዘነብለው ሁሉ ሯጩም ወደ ኩርባው መሀል ያዘነብላል። በሰከንድ 7.5 ሜትር የሚሮጥ ሰው ራዲየሱ 10 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 30 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለበት። ያ ማዘንበል ሁለት ነገር ይሰጠዋል። ጉልበቱን ብዙ ሳያጥፍ ዳሌውን ዝቅ ያደርግለታል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ሳይገድል ወደ ላይ የሚገፋበት ርቀት ያገኛል። ሁለተኛው የበለጠ ነው። እግሩን ሲተክል ሰውነቱ ከዘንጉ ራቅ ብሎ እንዳዘነበለ ነው፤ ከዚያ ቀጥ ወደ ማለት ይመጣል፤ ያ መሽከርከር በአየር ላይ ቀጥሎ ሰውነቱን በዘንጉ ላይ ያዞረዋል። ዘላዩ አየር ላይ ሆኖ የሚፈጥረው አዲስ መሽከርከር የለም፤ ከመሬት ይዞት የተነሳውን ብቻ ነው የሚያስተዳድረው።

በጣም የተለመደው ጥፋት እንግዲህ ኩርባውን በመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች ላይ ማቅናት ነው። ዘንጉ ከፍ ሲል ዓይን ወደ ዘንጉ ይሳባል፤ ትከሻ ይከተላል፤ ማዘንበሉ ይጠፋል። እንዲህ የተነሳ ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ዘንጉ ነው የሚሄደው፤ ትከሻው ወይም ክንዱ እየወጣ ሳለ ይነካዋል። ሌላው ጥፋት ኩርባውን መቁረጥ ነው፤ ዘላዩ ቸኩሎ ቀድሞ ይታጠፍና ለዘንጉ በጣም ቀርቦ ይነሳል። በተቃራኒው ደግሞ የፍጻሜው ደስታ ፍጥነቱን ይጨምርበትና እርምጃው ይረዝማል፤ እግሩ ከለመደው ቦታ 20 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ያርፋል። ልምድ ያለው አሰልጣኝ ከመቀመጫው ሆኖ በመጀመሪያ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ «ግማሽ ጫማ ወደ ኋላ!»

የሚነሳበት ነጥብ ከዘንጉ 80 ሴንቲሜትር እስከ 1.20 ሜትር ይርቃል፤ ፈጣን ሯጮች ራቅ ይላሉ። ከቅርቡ ቋሚ ብዙም ሳይዘልቁ ተነስተው ዘንጉን የሚሻገሩት መሀሉ አካባቢ ነው። ቀርቦ የተነሳ ሰው እየወጣ ይነካዋል። ርቆ የተነሳ ሰው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከዘንጉ በፊት ስለሆነ እየወረደ በዳሌው ወይም በጭኑ ይጥለዋል። ዘንጉ በምን ተነካ ብላችሁ ካያችሁ የትኛው ጥፋት እንደተፈጸመ ትደርሱበታላችሁ።

ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረዘም ይላል፣ ዳሌም ዝቅ ይላል። የመጨረሻው ግን አጭርና ፈጣን ነው። የመጨረሻውን እርምጃ ያስረዘመ ሰው እግሩን ከፊቱ ርቆ ስለሚተክል ራሱን ያቆመዋል። እግሩ የሚያርፍበት አቅጣጫም አደገኛ ነው። ጣቶቹ ወደ ሩጫው አቅጣጫ፣ በግርድፉ ወደ ፍራሹ ሩቅ ጥግ ማመልከት አለባቸው። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ካረፈ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የጅማት ጉዳትም ይከተላል። ታምቤሪ በ2016 ሞናኮ ላይ 2.39 በዘለለበት ምሽት የሚነሳበትን እግር ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ የሪዮ ኦሊምፒክ አምልጦታል።

እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ ሩብ እንኳ ባነሰ ጊዜ ነው፤ በግምት ከ0.15 እስከ 0.20 ሰከንድ። በዚያች ቅጽበት የአግድሙ ፍጥነት በከፊል ወደ ላይ መለወጥ አለበት። ቀላል ስሌት እንሥራ። ቁመቱ 1.95 የሆነ ሰው እጆቹን ከፍ፣ ነጻ ጉልበቱን ወደ ላይ አድርጎ ከመሬት ሲለቅ የሰውነቱ የስበት ማዕከል 1.36 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሰከንድ 4.5 ሜትር ወደ ላይ ከተነሳ የስበት ማዕከሉ 1.03 ሜትር ይጨምራል፤ 2.39 አካባቢ ይደርሳል። ጥሩ አድርጎ ከተለመጠ 2.35ን ይሻገራል። ፍጥነቱ ወደ 4.4 ቢወርድስ? አራት ተኩል ሴንቲሜትር ያጣል። በሰከንድ የአሥር ሴንቲሜትር ልዩነት፣ ዓይን የማያየው ድካም፣ ከወርቅ ወደ አምስተኛ ደረጃ ያወርዳል።

ከዚህ ስሌት ቁመት እንደሚጠቅም ግልጽ ነው፤ ሁሉንም ነገር ግን አይወስንም። ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ቁመቱ 1.81 ብቻ ሆኖ በ2004 አቴንስ ላይ በ2.36 ኦሊምፒክ አሸንፏል፤ በ2005 በቤት ውስጥ ውድድር 2.40 ዘሏል። ከራሱ ቁመት 59 ሴንቲሜትር በላይ ማለት ነው። ያጠረውን የሸፈነው በመንደርደሪያ ፍጥነቱ ነበር።

አየር ላይ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፣ ጊዜውን የሳተ ግን ብዙ ይከፍላል። ራስና ትከሻ ከተሻገሩ በኋላ ዳሌ ከፍ ይላል፣ ተረከዞች ወደ መቀመጫ ይሰበሰባሉ። ዳሌው ዘንጉን እንዳለፈ አገጭ ወደ ደረት ይመጣል፤ በምላሹ እግሮች ይዘረጋሉ፣ ተረከዞችም ይነሳሉ። አገጩን ቀድሞ የሰበሰበ ዳሌው ይወርድና በመቀመጫው ይጥላል። የዘገየ ደግሞ በባቱ ወይም በተረከዙ ይጥላል፤ ይህ ሁሉን ነገር በትክክል የሠራ ሰው የሚጥለው ዓይነት ስለሆነ ከሁሉ ያናድዳል። አሰልጣኝ ግን ተረከዝ ሲነካ ካየ ይረጋጋል፤ ከፍታው አለ፣ የጎደለው ጊዜው ብቻ ነው።

ሰዓቱ ሌላው ባላጋራ ነው። ከሦስት ሰው በላይ እስካለ ድረስ ለአንድ ሙከራ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ያው ሰው ተከታትሎ ሲሞክር ሁለት ደቂቃ ያገኛል። 15 ሰከንድ ሲቀር ቢጫ ባንዲራ ይነሳል። አሁን አስቡት፤ መጀመሪያ ላይ 12 ሰው ሲኖር አንድ ዙር አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያው የተሻገረ ሰው ቀጣዩ ከፍታ እስኪመጣ ከዚያም በላይ ይጠብቃል፤ ጡንቻው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ልብሱን ደርቦ ይንጎራደዳል፣ በየመሀሉ ኩርባውን ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ዘንጉ ከፍ ባለበት፣ እግር በደከመበት ሰዓት ሙከራዎቹ በላይ በላዩ ይሆናሉ። በመካከሉ የሩጫ ፍጻሜ ይኖራል፣ የሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ይኖራል፤ መንደርደሪያው ትራኩን የሚነካበት ሰው ሯጮቹ እስኪያልፉ ይቆማል። ዝናብ ሲጨመርበት ኩርባው ይንሸራተታል፤ እግሩን ያላመነ ሰው ደግሞ አያዘነብልም፤ ያላዘነበለ እንዴት እንደሚጥል አይተናል። የከፍታ ዝላይ ጫማ ሹሎች ከሯጭ ጫማ ረዝመው እስከ 12 ሚሊ ሜትር የተፈቀዱት፣ በተረከዙም በኩል የተተከሉት በከንቱ አይደለም።

ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር በ1993 ሳላማንካ ላይ የዘለለው 2.45 እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን ግን ቻርልስ ኦስቲን በ1996 አትላንታ ላይ ያስመዘገበው 2.39፣ የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ ቦህዳን ቦንዳሬንኮ በ2013 ሞስኮ ላይ የዘለለው 2.41 ነው። ልዩነቱን ሰዎች በፍርሃትና በጭንቀት ያስረዱታል። እኔ ግን ቀለል ያለ ምክንያት ይታየኛል። የሻምፒዮና ዘላይ ከቀናት በፊት ማጣሪያ ዘሏል፤ በፍጻሜው ከ11 ሰዎች ጋር ተራ ይጠብቃል፤ 2.38 ላይ ሲደርስ ጥሩ እግሩን አስቀድሞ በ2.27ና በ2.31 አውጥቶታል። በነጠላ ውድድር ጥቂት ከፍታዎችን ብቻ መርጦ ክብረ ወሰን መሞከር ሌላ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ መለያ ዝላይ ነው። ሁለቱም ቆጠራዎች ካልለዩ ሌሎች ደረጃዎች በእኩልነት ይጸናሉ፤ ለአንደኝነት ብቻ መለያ ዝላይ ሊኖር ይችላል። የሚጀምረው ከተሻገሩት የመጨረሻ ከፍታ ቀጥሎ ባለው ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሙከራ ይሰጣል። ሁሉም ከጣሉ ዘንጉ በሁለት ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ከአንድ በላይ ከተሻገሩ በሁለት ይወጣል፤ አንድ ሰው ብቻ እስኪሻገር ይቀጥላል። ተወዳዳሪዎቹ ላለመቀጠል ከወሰኑ ደግሞ እኩልነቱ ይጸናል።

ቶኪዮ ላይ ባርሺምና ታምቤሪ 2.39ን ሦስት ሦስቴ ጥለው ነበር። ዳኛው ስለ መለያው ማስረዳት ሲጀምር ባርሺም ሁለት ወርቅ ሊኖር ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ይቻላል ተባለ፤ ተቃቀፉ። ያን ምሽት ስለ ወዳጅነት ብዙ ተባለ፤ እውነትም ወዳጆች ናቸው። ሆኖም ከስሌት አንጻርም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ከባድ የቁርጭምጭሚት ጉዳት ያሳለፉ፣ ሁለቱም ደክመው፣ በእጃቸው ያለው ደግሞ ሙሉ ወርቅ።

በ2024 ፓሪስ ላይ የኒው ዚላንዱ ሃሚሽ ኬርና አሜሪካዊው ሼልቢ ማክዩዌን 2.36 ላይ በሁሉም እኩል ሆኑ፤ 2.38 ሁለቱንም አሸነፋቸው። እነሱ ግን ለመቀጠል ወሰኑ። 2.38 ዳግም ወደቀ፣ ወደ 2.36 ወረደ፣ እሱም ወደቀ። 2.34 ላይ ማክዩዌን ጣለ፣ ኬር ተሻገረ። ባርሺም በ2.34 ነሐስ ወሰደ። ማክዩዌን ወርቁን መካፈል ሲችል ብር ይዞ ሄደ ብለው የወቀሱት ብዙ ናቸው። መለያ ዝላይ ላይ ከፍታው እየወረደ እንደሚሄድ አስታውሱ፤ ስለዚህ የሚያሸንፈው ከፍ ያለ የሚዘለው ሳይሆን ከአሥረኛ ዝላዩ በኋላ መንደርደሪያውን እንዳለ ጠብቆ የሚሮጠው ነው። በራሱ ኩርባ የሚተማመን ሰው መቀጠል ቢመርጥ እኔ አልወቅሰውም። በ2015 ቤጂንግ ላይ ካናዳዊው ዴሪክ ድሩዊን፣ ቦንዳሬንኮና ቻይናዊው ዣንግ ጉዎዌይ ሦስቱም 2.33 ላይ እኩል ሆነው ነበር፤ በመለያው 2.34ን የተሻገረው ድሩዊን ብቻ ሆነ፣ ሁለቱ ብሩን ተካፈሉ።

አንደኝነት በሌለበት ደግሞ ማንም አይለያያቸውም። በ2012 ለንደን ላይ ባርሺም፣ ድሩዊንና እንግሊዛዊው ሮበርት ግራባርዝ በ2.29 በቆጠራውም እኩል ሆነው ሦስቱም ነሐስ ተሸለሙ። በ2.38 ያሸነፈው ሩሲያዊው ኢቫን ኡኮቭ በኋላ በዶፒንግ ጥሰት ውጤቱ ተሰረዘ። ወርቁ ወደ አሜሪካዊው ኤሪክ ካይናርድ ተዛወረ፤ ሦስቱ ነሐሶችም ሦስት ብር ሆኑ።